ሳይንስ ልብወለድ በግቢ፦ ባሕር ዳር ላይ የፊልም ምሽት እንዴት ይዘጋጃል?

ሳይንስ ልብወለድ የሚወድ ሰው ባሕር ዳር ውስጥ ሞልቷል። ከዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ፖሊ ብትሉ፣ ፔዳ ብትሉ፣ ላፕቶፑ ላይ ሙሉ ፎልደር የጫነ ተማሪ አይጠፋም። ግን ሁሉም ብቻውን፣ አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ በጆሮ ማዳመጫ ነው የሚያየው። ቤተሰቡን «ኑ እንይ» ሲል «ይሄ የልጆች ነው»፣ «እንግሊዝኛው አይገባኝም»፣ «ደግሞ ይሄ ምን የሚሉት ውሸት ነው!» ይባላል። በቃ፣ እዚያው ላይ ያበቃል።

እኔ በዚህ ነገር ግትር ነኝ። እናት፣ አባት፣ ጎረቤት፣ የሰፈር ልጅ አንድ ላይ ተቀምጦ የማርስን ፊልም እስከ መጨረሻው ያያል። አይቶም ይከራከርበታል። ለዚህ የሚያስፈልገው ከፊልሙ በፊት የአምስት ደቂቃ ጨዋታና አንድ ጥሩ ተራኪ ነው። ዕቃው ቀላሉ ክፍል ስለሆነ ቶሎ እንጨርሰውና ወደ ዋናው እንሄዳለን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቀኑን ምረጡ

ክረምትን እርሱት። ከሰኔ እስከ መስከረም ባሕር ዳር ላይ ደጅ ፊልም ማሳየት ከሰማይ ጋር መጣላት ነው። ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው። ጀምበር እንደየወሩ 12 ሰዓት ላይ ወይም ትንሽ ዘግየት ብላ ትጠልቃለች። ምስሉ ጥርት ብሎ የሚታየው ግን ድፍን ብሎ ከጨለመ በኋላ ነው። ሰዉን 12 ሰዓት ተኩል ጥሩት፤ ፊልሙን 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ጀምሩ። «12 ሰዓት ተኩል» የተባለ ሰው 1 ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው፤ እሱም ሂሳብ ውስጥ ገብቷል።

ሰዓት እላፊ ካለ ወይም ማታ መመለስ የሚያስቸግረው ሰው ካለ ቀን አድርጉት። ሳሎን ውስጥ መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ጋርዶ፣ ቅዳሜ ከ8 ሰዓት ጀምሮ። ሁሉም በጊዜ ቤቱ ይገባል።

ጾም ከሆነ የሚቀርበው የጾም ይሁን። ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ዳቦና ቡና ካለ ማንም አይቀየምም። ብር አትሰብስቡ። ጎረቤት ጠርቶ ማሳየትና ትኬት ቆርጦ ማሳየት በሕግም በወግም ለየቅል ናቸው።

ዕቃውን አሰናዱ

ፕሮጀክተር ከሌላችሁ ተከራዩ ወይም ተዋሱ። ስትከራዩ ሉመኑ (የብርሃኑ ጉልበት መለኪያ) ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ለደጅ ከ2,000 ሉመን በታች ያለው ይደበዝዛል። በርካሽ የሚሸጡት ትንንሾቹ ካርቶናቸው ላይ የሚጽፉትን ቁጥር አትመኑ፤ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት አስበርታችሁ እዩ። አብዛኛው ፕሮጀክተር 2 ሜትር ስፋት ያለው ምስል ለማውጣት 3 ሜትር ገደማ ርቀት ይፈልጋል። ይህን ቀን ላይ ለክታችሁ ጠረጴዛው የሚቆምበትን ቦታ በጠመኔ አስምሩ።

ለስክሪን ነጭ አንሶላ ይበቃል፤ ወፍራሙን ምረጡ። ነጠላ አይሆንም፤ ብርሃኑ አልፎት ይሄድና ምስሉ ከኋላው ያለው ግድግዳ ላይ ያርፋል። ጋቢም ተውት፤ እጥፋቱ አልዘረጋ ብሎ የጠፈር መርከቡ ሁሉ የተጨማደደ ይሆናል። አንሶላውን ተኩሱት። ላይኛውን ጫፍ በገመድ ወጥሩ። ታችኛው ጫፍ ላይ ቀጭን የባሕር ዛፍ አጠና ጠቅልላችሁ ስፉበት። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ሲነሳ አንሶላውን የሚይዘው አጠናው ነው።

ስፒከሩን ከአንሶላው ጎን፣ ወንበር ላይ፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ቁመት አድርጉት። ከብሉቱዝ ይልቅ ገመድ እመርጣለሁ፤ በብሉቱዝ ድምፁ ከከንፈሩ ወደኋላ ሊቀር ይችላል።

ሐይቅ ዳር ያለ ግቢ ከሆነ ትንኙ ሌላ ጣጣ ነው። በፕሮጀክተሩ ፊት የምታልፍ አንዲት የእሳት ራት ስክሪኑ ላይ አሞራ ታክላለች። መላ አለው፤ ከግቢው በሌላኛው ጥግ አንድ አምፖል አብሩ። ግማሹ ነፍሳት ወደዚያ ይሄዳል። ለቢምቢ ደግሞ ሰዉ እጅጌ ረጅም ልብስ ለብሶ እንዲመጣ ቀድማችሁ ንገሩ። ወባ ያለበት አካባቢ ነው፤ በዚህ አይቀለድም።

መብራት ይጠፋል። ይህን ከፕሮግራሙ ውስጥ ቁጠሩት። ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፤ ፕሮጀክተሩ ግን እዚያው ይቆማል። የስልክ ፓወር ባንክ አያነሳውም፤ ትልልቆቹ ከ200 ዋት በላይ ይበላሉ። ልክ እንደጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ኃይሉ ከፍ ብሎ ቢመለስ ዕቃው የሰው ነው። ባለ አምፖል ፕሮጀክተር ከሆነ ማራገቢያው ሳያቀዘቅዘው ስለቆመ፣ መብራቱ ቢመጣም 10 ደቂቃ ያህል አቆዩት። በዚህ መሐል ተራኪው ይነሳና በጨለማው ውስጥ «አሁን ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ብሎ ይጠይቅ። ጨዋታ የሚደራው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ሰውዬውን ይገድለዋል፣ አንዷ ታድነዋለች፣ አንድ ሕጻን ከየት አምጥቶ እንደሆነ እንጃ ዘንዶ ያስገባል። መብራቱ ሲመጣ «ቆይ፣ ቆይ፣ ልጨርስ!» የሚል ሰው አይጠፋም።

ፊልሙን ምረጡ

ለመጀመሪያ ምሽት ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም ያልቀረው ፊልም አታምጡ። ማንም አይጨርሰውም። በአጭር ጀምሩ።

የጆርጅ ሜልየስ «ወደ ጨረቃ ጉዞ» በ1902 የተሠራ ፊልም ነው። ሩብ ሰዓት ገደማ ይሆናል። ድምፅ አልባ ስለሆነ «እንግሊዝኛው አይገባኝም» የሚል አይኖርም። ሮኬቱ ሄዶ ጨረቃን ዓይኗ ላይ ሲሰካባት የማይስቅ ሰው አላየሁም። የባለቤትነት መብቱ ጊዜው ስላለፈ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። ለመክፈቻ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ቀጥሎ «ፑምዚ»። ኬንያዊቷ ዋኑሪ ካሂዩ በ2009 የሠራችው፣ 20 ደቂቃ አካባቢ የሚፈጅ ፊልም ነው። ንግግሩ እዚህ ግባ አይባልም። ዘመኑ በውሃ የተነሳ የዓለም ጦርነት ካለፈ በኋላ ነው። ውጭው በረሃ ሆኗል። ሰዉ በታጠረ ከተማ ውስጥ ይኖራል፤ ላቡና ሽንቱ እየተጣራ ተመልሶ ይጠጣል። አንዲት የሙዚየም ሠራተኛ ላኪው ያልታወቀ አፈር ይደርሳታል። ዘር ትቀብርበታለች፤ ይበቅላል። ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም። ይህን ፊልም ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ማየት ሌላ ነው። የመጀመሪያው ምሽት ፕሮግራም እነዚህ ሁለቱ ይበቁታል።

ልጆች የሚበዙ ከሆነ «ዎል-ኢ» (2008) ይሻላል። ምድር በቆሻሻ ተሞልታ ሰው ጥሏት ሄዷል፤ ብቻውን የቀረ የጽዳት ሮቦት ቆሻሻ እየጨመቀ ይቆልላል። የፊልሙ የመጀመሪያ ክፍል ያለ ንግግር ማለት ይቻላል። ልጆች ከእናንተ ቀድመው ነው የሚገባቸው።

ረጅም ፊልም የሚችል ታዳሚ ስታገኙ «ዘ ማርሺያን»ን (2015) አምጡ። ማርስ ላይ ብቻውን የቀረ ሰው ድንች ያበቅላል። ድንች! ለጎጃም ሰው ከዚህ የተሻለ ምን መግቢያ ይፈለጋል? ሁለት ሰዓት ከሃያ ገደማ ስለሆነ መሐል ላይ ለቡና አቋርጡት።

«ዲስትሪክት 9» (2009) ከልጅ ጋር አይታይም፤ ስድቡም ደሙም ብዙ ነው። ለጎልማሶች ምሽት ግን ግሩም ነው። የጠፈር መርከብ ጆሃንስበርግ አናት ላይ መጥቶ ይቆማል፤ ውስጡ ያሉት እንግዶች ወርደው መጠለያ ካምፕ ይገባሉ፤ ከዚያ ቢሮክራሲው ይጀምራል። ከፊልሙ በኋላ «ጣና ላይ ቢቆምስ?» ብላችሁ ጠይቁ። የቀበሌ መታወቂያ ማን ይሰጣቸዋል? ቤት ማን ያከራያቸዋል? ሳቁ ቶሎ ወደ ቁም ነገር ይዞራል።

«ክራምብስ» (2015) ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እኛው አገር፣ በአማርኛ የሠራው ነው። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ተውነውበታል። ዓለም ካለፈች በኋላ የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ቅርስ የሚታይበት ዘመን ነው፤ የዳሎል መሬት ያለ ምንም ማሳመሪያ ሌላ ፕላኔት ሆኖ ቁጭ ይላል። ተራኪም አይፈልግም። ቢሆንም ለሦስተኛ ወይም ለአራተኛ ምሽት አቆዩት። ዝግ ያለና ግራ የሚያጋባ ነው፤ ያልለመደ ሰው «ምንድን ነው ያየሁት?» ብሎ ሊቀር ይችላል።

«2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» (1968) ለእኔ የሁሉም ቁንጮ ነው። ለሰፈር እንዳታሳዩት። ከ20 ደቂቃ በላይ አንድም ቃል ሳይነገር ዝንጀሮ መሳይ ፍጡሮች ብቻ ነው የሚታዩት። ጋሼ ቆሎውን ጨርሶ ይነሳል።

ዋናው ሥራ፦ ተራኪው

አንድ ሰው ተራኪ ይሁን። እንግሊዝኛው ከሁሉም የተሻለ መሆን የለበትም፤ ወሬ የሚያምርበት ይሁን። ሰፈር ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ይታወቃል። ታዳሚውም ቢሆን ቀላል ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 ከጀመረ ወዲህ ሰዉ አማርኛ የሚያቀላጥፍ ቱርካዊ ማየት ለምዷል።

ተራኪው ፊልሙን ሁለት ጊዜ ይየው። አንዴ ለራሱ ደስታ፣ አንዴ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ። በሁለተኛው ጊዜ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ፊልሙ የትኛዋን ውሸት እንድናምንለት ይለምናል? ጥሩ የሳይንስ ልብወለድ አንዲት ትልቅ ውሸት ብቻ ነው የሚጠይቀው። «ሰው ማርስ ደርሷል እንበል።» «ወደኋላ በጊዜ የሚወስድ መኪና አለ እንበል።» ሌላው ሁሉ ከዚያች ተነስቶ በሥርዓት ይሄዳል። ሰው «ይሄማ ውሸት ነው» ብሎ የሚነሳው ውሸቷን ማንም ቀድሞ ስላልነገረው ነው።

እኛ ደግሞ ለዚህ አዲስ አይደለንም። ጅብና አህያ ሲከራከሩ «እንዴት ጅብ ያወራል?» ብሎ አያቱን ያቋረጠ ልጅ የለም። ተረት ተረት ተብሏላ! ስለዚህ ተራኪው ከፊልሙ በፊት ተነስቶ በዚያው ይጀምር። ለማርሱ ፊልም እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«ተረት ተረት!»
«የመሠረት!»
«ሰዎች ማርስ ላይ ደርሰዋል እንበል። ውሸቷ ይቺው ናት። ማርስ ላይ የሚተነፈስ አየር የለም። ብርዱ ከራስ ዳሽን ይብሳል። ከባድ አውሎ ነፋስ ይነሳና ጓደኞቹ ሞቷል ብለው አንዱን ጥለውት ይሄዳሉ። አልሞተም። የሚቀጥለው መርከብ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ያለው ምግብ እስከዚያ አያደርሰውም። ሰውዬው የዕፅዋት ባለሙያ ነው። ጥቂት ድንች አለው። በሉ እንይ!»

ይሄው ነው። ስለ ናሳ ታሪክ፣ ስለ ሮኬት ዓይነት ምንም አትጨምሩ። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደጎደለው፣ ውሸቷ የትኛዋ እንደሆነች ከተነገረ ሰዉ ፊልሙን ይዞታል።

ፊልሙ ሲሄድ ተራኪው ከስፒከሩ አጠገብ ይቀመጥ፤ የድምፅ መቀነሻውም በእጁ ይሁን። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር መተርጎም የለበትም። ያንን የሞከረ በአስር ደቂቃ ውስጥ ከፊልሙ ኋላ ይቀራል፣ ጉሮሮውም ይደርቃል። ሰውዬው ከሮኬት ነዳጅ ሃይድሮጅን አውጥቶ፣ አቃጥሎ፣ ውሃ ሲሠራ ረጅም የኬሚስትሪ ንግግር አለ። ተራኪው «ከነዳጅ ውሃ ሊሠራ ነው። ሊፈነዳበትም ይችላል» ብሎ ዝም ይበል። ቀሪውን ፊልሙ ራሱ ይነግራቸዋል። ሰዎች ሲያለቅሱ፣ ሲሳሳቁ፣ ሮኬት ሲነሳ አፉን ይዝጋ። ማንን «አንተ»፣ ማንን «እርስዎ» እንደሚል ቀድሞ ይወስን፤ መሐል ላይ ከቀያየረ እናቶች ወዲያው ይነቁበታል።

ትዕግሥት ያለው ሰው ካላችሁ ደግሞ የአማርኛ ሰብታይትል ይሥራ። ሥራው ጊዜ ይፈጃል እንጂ ከባድ አይደለም። የእንግሊዝኛውን ሰብታይትል የያዘውን የኤስአርቲ ፋይል በኖትፓድ ክፈቱ። ቁጥሩና ሰዓቱ እንዳለ ይቆይ፤ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ብቻ በአማርኛ ተኩት። እንዲህ ይሆናል፦

12
00:04:10,000 --> 00:04:13,000
ነፋሱ እየበረታ ነው። እንውጣ!

ከሁለት መስመር አታስበልጡ፤ ግቢ ውስጥ ያለ ሰው ቆሎ እየቆረጠመ ነው የሚያነበው። ስታስቀምጡት «ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ምረጡ። ፋይሉን የፊልሙን ስም ሰጥታችሁ እዚያው ፎልደር ውስጥ አስገቡት። ቪኤልሲ በሚባለው የፊልም ማጫወቻ ላይ ስትከፍቱት ከፊደል ይልቅ ባዶ ሳጥን ከደረደረባችሁ፣ የሰብታይትል ምርጫ ውስጥ ገብታችሁ ፎንቱን ኒያላ ወይም ሌላ የግዕዝ ፎንት አድርጉት። ይህን ሁሉ ከምሽቱ በፊት ባለው ቀን ሞክሩ። ሰዉን ሰብስቦ ሳጥን ማሳየት አያምርም።

ለጥያቄ ተዘጋጁ

ታላላቆች የሚጠይቁት ጥያቄ ከተማሪው ጥያቄ ይከብዳል። የማርሱ ድንች ላይ አርሶ ያደገ ሰው ካለ አይለቃችሁም። «አፈሩ ምን ዓይነት ነው? ፍግ ከየት አመጣ? ውርጩስ?» ይላል። ፍጉ ከሰዎቹ ከራሳቸው ነው፤ ፊልሙ አይደብቀውም፤ ሳቁም አይቀርም። አፈሩ ግን እውነትም ችግር አለበት። ማርስ ላይ ያረፉ መሣሪያዎች አፈሩ ውስጥ ፐርክሎሬት የሚባል ጨው አግኝተዋል። ታጥቦ ካልወጣ ለሰው መርዝ ነው። ፊልሙ ይቺን ዘሏታል።

አውሎ ነፋሱም እንዲሁ ነው። የማርስ አየር ከምድር አየር አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም። ነፋሱ የቱንም ያህል ቢፈጥን ሮኬት የሚገፋ ጉልበት የለውም። ደራሲው አንዲ ዊየርም ይህን ያውቃል፤ ሰውዬውን እዚያ ለማስቀረት ሲል ነው የተጠቀመበት። ይህን ስትናገሩ ጎረቤታችን ጋሼ «ታዲያ ሁለተኛ ውሸት ገብታለቻ!» ቢላችሁ እጅ ስጡ። ልክ ነው።

ለቡና አፍይዋ ደግሞ የራሷ ጥያቄ ይመለስላት፤ «ማርስ ላይ ቡና ይፈላል?» ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየሩ በሳሳ ቁጥር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ማርስ ላይ ደጅ ጀበና ቢጣድ ውሃው በረዶ ሆኖ ካልቀረ ሳይሞቅ ይፈላል። የዘጌ ቡና ቢኖርም አይወጣም። ቡና የሚፈላው በታሸገ ቤት ውስጥ፣ አየሩ ተጨምቆ ነው። ጆንያ መሸከም ግን እዚያ ይሻላል። እዚህ 50 ኪሎ የሆነው እዚያ 19 ኪሎ ያህል ሆኖ ይነሳል።

ከፊልሙ በኋላ፦ ወደ ጣና አምጡት

ፊልሙ እንዳለቀ «እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «ጥሩ ነው» ብቻ ይሆንና ሁሉም ይነሳል። ይልቅ ጨዋታ ጀምሩ። የፊልሙን ውሸት ወስዳችሁ እዚሁ ጣና ላይ አስቀምጧት፤ ከዚያ በቁጥር ተከተሏት። ቁጥሩ ባይኖር ወሬው ወዲያው ጭስ ይሆናል።

ከማርሱ ፊልም በኋላ ስልክ ተጫወቱ። ከምድር ማርስ የሚላክ መልእክት በብርሃን ፍጥነት ሄዶ፣ እንደ ፕላኔቶቹ ርቀት፣ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል። አንዱን ሰው ከግቢው አንድ ጥግ «ማርስ» ብላችሁ አስቀምጡት፤ ሌላዋን በሌላኛው ጥግ «ባሕር ዳር»። መልእክት የሚያመላልስ አንድ ልጅ ወረቀት ይዞ መሐል ላይ ይቁም፤ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ እንዳያደርስ። እንግዲህ ሰላም ይባባሉ። «እንዴት ነህ?» «ደህና ነኝ፣ እንዴት ነሽ?» «ልጆቹስ?» «ከብቱስ?» «ክረምቱ እንዴት ነው?» ማርስ ከምድር በራቀችበት ጊዜ የአንድ ጥያቄና መልስ ምልልስ 44 ደቂቃ ነው። አምስት ጊዜ ከተጠያየቁ ሰላምታው ብቻ 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። ዋናው ጉዳይ ገና አልተነሳም። በእኛ ሰላምታ ማርስ ላይ መኖር ይቻላል ወይ? እዚህ ላይ ክርክሩ አያልቅም።

ከ«ፑምዚ» በፊት ደግሞ ሰው ሲገባ በር ላይ ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ ላስቲክ ስጡ። የምሽቱ ውሃ እሱው ነው። እጅ መታጠቢያም፣ መጠጫም፣ ለቡናው መዋጮም። ማን ለማን ይሰጣል? ቡና ይፈላ ወይስ ልጆቹ ይጠጡ? ሰዉ መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ መደበቅ ይጀምራል። ከፊልሙ በኋላ ሂሳቡን አውጡ። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ነገር ግን ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ሰፊ ትሪ ነው በሉት። አንድ ሜትር ቢቀንስ የሚሄደው 3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ይህ ሐይቅ ከ15 ሺህ ዓመት በላይ በፊት ደርቆ እንደነበር ከወለሉ የወጣው ደለል ያሳያል። ስለዚህ «ቢደርቅስ?» የሚለው ጥያቄ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት፤ በብስክሌት ደቅ ደሴት ይደረሳል? ክብራንና ዳጋ ኮረብታ ሆነው ይቀራሉ? አባይ ከየት ይነሳል? ታንኳ ሠሪው ደንገል ከየት ያጭዳል? ለልጆቹ ወረቀትና ከለር ስጧቸውና ይሳሉት።

የወራሪ ታሪክ ከፈለጋችሁ ደግሞ ሩቅ አትሂዱ። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተክል ነው። ጣና ላይ በ2011 ታየ፤ ከዚያ የሆነውን የዳር ሰው በእጁ ነቅሎ ያውቀዋል። የዓሳ አስጋሪ ቤተሰብ ከታዳሚው መሐል ካለ ወሬውን ለእነሱ ተውላቸው።

ሌላ ምሽት «ኢንተርስቴላር»ን (2014) ካያችሁ፣ አንድ ሰዓት እዚያ ሰባት ዓመት እዚህ የሚሆንበት ፕላኔት አለ። ዘጌን ያ ፕላኔት አድርጓት፤ በጀልባ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል እንበል። የሄደው ሰው ሲመለስ ባሕር ዳር ላይ 14 ዓመት አልፏል። ማን አግብቷል? የቤት ኪራይ ስንት ገባ? ፊልሙ ራሱ 2 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ነው፤ እዚያ ፕላኔት ላይ ሆናችሁ ብታዩት እዚህ ወደ 20 ዓመት ያልፋል። ለመጀመሪያ ምሽት አታምጡት ያልኩት ለዚህም ነው።

መጽሐፍ ለሚፈልግ

ከምሽቱ በኋላ «የሚነበብ ነገር አለ?» የሚል አንድ ሁለት ሰው ይኖራል። እነዚህን ያዟቸው። የኤች ጂ ዌልስ «ዘ ታይም ማሽን» (1895) አጭር ነው፤ በነጻም ይወርዳል። የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» (1818) ከሁሉም በፊት የነበረ ነው ቢባል የሚከራከራችሁ ጥቂት ነው። ከአፍሪካ ጋር የተያያዘ ለሚፈልግ የኔዲ ኦኮራፎር «ቢንቲ» (2015) አለች፤ አጭር ናት፣ ሁጎና ኔቡላ የተባሉትን ሁለቱንም ትልልቅ ሽልማቶች አግኝታለች።

«ይሄ ሁሉ ምን ይጠቅማል?» ለሚል ደግሞ ጣሪያ ላይ ያለውን ዲሽ አሳዩት። ዲሹ ሳይንቀሳቀስ አንድ ቦታ ብቻ የሚያየው ሳተላይቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ነው። በዚያ ከፍታ ሳተላይት አስቀምጦ ዓለምን በሙሉ ማገናኘት እንደሚቻል በ1945 የጻፈው አርተር ሲ ክላርክ ነው። በኋላ የሳይንስ ልብወለድ ታላቅ ደራሲ ሆነ። ያን ጊዜ ሰማይ ላይ አንድም ሳተላይት አልነበረም።

ስትጨርሱ

ፕሮጀክተሩን ወዲያው ቦርሳ ውስጥ አትክተቱት። አጥፉትና ማራገቢያው እስኪቆም ጠብቁ፤ ከዚያ ሶኬቱን ንቀሉ። ገመዶቹን ቆጥራችሁ መልሱ፤ ሁልጊዜ የሚጠፋው የኤችዲኤምአይ ገመዱ ነው። የታጠበ ስኒ ሳይመለስ ማንም አይውጣ።

ከዚያ በምሽቱ አብዝቶ «ውሸት ነው» ያለውን ሰው ፈልጉት። ሁለት ፊልም ጠቁሙትና አንዱን ይምረጥ። ቀኑንም እዚያው በር ላይ ቁረጡ። «እንደዋወላለን» ከተባለ አለቀ፤ ማንም አይደውልም።